ከፋብሪካው በር እስከ መጨረሻው ክፍያ፦ ሰሜን ሸዋ ላይ ጀማሪ ድርጅት ከትልቅ ኩባንያ ጋር እንዴት ይሠራል?

ደብረ ብርሃን ሥራ የሚፈልግ ወጣትና መፍትሔ የሚፈልግ ፋብሪካ ጎን ለጎን የሚኖሩባት ከተማ ናት። የሐበሻና የዳሽን ቢራ ፋብሪካዎች አሉ። አንጋፋው የብርድ ልብስ ፋብሪካ አለ። በ2011 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። በ1999 ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲም በየዓመቱ ኮድ የሚጽፉ፣ ማሽን የሚፈቱና እህል የሚመረምሩ ልጆችን ያስመርቃል። ሁለቱ ወገኖች ግን ብዙ አይገናኙም። ሲገናኙም የመግባቢያ ሰነድ ይፈራረማሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያ ነገሩ ይረሳል።

እኔ እንደማየው ትብብሩን የሚገድለው ጊዜ ነው። ለትልቅ ድርጅት ሦስት ወር ማለት አንድ ስብሰባ ተላልፎ ሌላውን መጠበቅ ነው። ለጀማሪ ሦስት ወር ማለት ኪራይ፣ ደሞዝና የተበደሩት ብር ማለት ነው። ትልቁ መጠበቅ ይችላል፣ ትንሹ አይችልም። ስለዚህ ከታች ያለው ደረጃ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያተኩራል፦ ትንሹ ድርጅት ሳይሞት ትልቁ "እሺ" የሚልበትን መንገድ ማበጀት። መመሪያው በዋናነት ለጀማሪዎች ነው። ለኩባንያ ኃላፊዎችም ወደ መጨረሻው አንድ ክፍል አለ።

1. ችግሩን በሩ ላይ ፈልጉት

ብዙ ጀማሪዎች መጀመሪያ መተግበሪያ ይሠራሉ፣ ከዚያ የሚገዛ ድርጅት ፍለጋ ይወጣሉ። በተቃራኒው ሂዱ። መጀመሪያ ፋብሪካው በየቀኑ ገንዘብ የሚያጣበትን ቦታ እዩ።

አንድ ምሳሌ ልያዝና እስከ መጨረሻው በእሱ ላይ ላሳያችሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በባሶና ወራና፣ በአንጎለላና ጠራ ገብስ ይታጨዳል። ይወቃል፣ በጆንያ ይሞላል፣ አይሱዙ ላይ ይጫናል። የብቅል ወይም የቢራ ፋብሪካ በር ላይ ሲደርስ ባለሙያው ረጅሙን የብረት ናሙና መውሰጃ ጆንያው ውስጥ ይሰካል፣ ጥቂት እህል ያወጣል፣ ላቦራቶሪ ይወስዳል። እርጥበቱ ከ13 በመቶ ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ አይገዛም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቢራ ገብስ ሕይወት ያለው ዘር ሆኖ መቆየት አለበት። የብቅል ፋብሪካው ነክሮ ያበቅለዋል፣ ብቅል የሚሆነው ያኔ ነው። እርጥብ ሆኖ መጋዘን ከገባ ይሻግታል፣ የመብቀል ኃይሉም ይወርዳል። ፕሮቲኑም ይታያል፤ ሲበዛ ከብቅሉ የሚገኘው ስኳር ይቀንሳል፣ ቢራውም ይደፈርሳል።

አሁን ያ መኪና ተመለሰ እንበል። የትራንስፖርቱን የሚከፍለው የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው። ገበሬው ገብሱን ለተራ ነጋዴ በወረደ ዋጋ ይሸጣል። ፋብሪካው ደግሞ በሩ ላይ ወረፋ ይበዛበታል፣ ለማምረቻ የሚፈልገውን እህልም በሰዓቱ አያገኝም። ሦስቱም ይከስራሉ። መፍትሔው ከባድ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። በእጅ የሚያዝ የእርጥበት መለኪያ ይዞ ገብሱ ሳይጫን የማኅበሩ መጋዘን ላይ መለካት፣ ውጤቱን በስልክ መመዝገብና ለፋብሪካው ቀድሞ መላክ ይበቃል። ይህ ሁለት ሦስት ልጆች የሚጀምሩት ሥራ ነው።

እንዲህ ያለውን ችግር ቢሮ ቁጭ ብላችሁ አታገኙትም። ሚዛን ቤት ሂዱ። ሹፌሮች ሻይ የሚጠጡበት ቦታ ቁጭ በሉ። የሚዛን ቤቱን ሰው "ጋሼ፣ ዛሬ ስንት መኪና ተመለሰ? ለምን ተመለሰ?" ብላችሁ ጠይቁት። ዕድሜ ልኩን እዚያ የሠራ ሰው በአሥር ደቂቃ የሚነግራችሁን አማካሪ በወር አይነግራችሁም። ሦስት ነገር ይዛችሁ ተመለሱ፦ ችግሩ በሳምንት ስንት ጊዜ ይደርሳል፣ ኪሳራው በማን ኪስ ላይ ያርፋል፣ አሁን በምን እየተቋቋሙት ነው። ሦስተኛው በጣም ይጠቅማችኋል። "ዝም ብለን ነው የምንመልሰው" ካሏችሁ በር ተከፍቷል። "ማሽን ገዝተናል፣ እየመጣ ነው" ካሏችሁ ሌላ ችግር ፈልጉ።

ገብሱ ምሳሌ ብቻ ነው። ጫጫና ደብረ ብርሃን ዙሪያ የወተት አሰባሰብ አለ፤ በጾም ወቅት ወተት ይተርፋል፣ ዋጋው ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት አለ፤ ቆላ ነው፣ ምርቱ ቶሎ ይበላሻል። ምንጃር ላይ ጤፍና ሽምብራ አለ። መንዝ የበግ አገር ነው፤ ሱፉም አለ። የትኛውንም ብትይዙ መንገዱ አንድ ነው።

2. የችግሩን ባለቤት ለዩ

ትልቅ ድርጅት ውስጥ ሁሉም ሰው "ጥሩ ሐሳብ ነው" ይላችኋል። ጥሩ ሐሳብ ነው ማለት እከፍላለሁ ማለት አይደለም። የምትፈልጉት ችግሩ ሲፈጠር ስልኩ የሚጮኸውን ሰው ነው። በምሳሌያችን የጥሬ ዕቃ ግዥ ኃላፊው ወይም የጥራት ኃላፊዋ ናት። ዋና ሥራ አስኪያጁ ይፈርማል፣ ኃላፊዋ ግን ታስፈርማለች። እሷ ካልያዘችው ደብዳቤያችሁ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ "ተመርቶ" ይቀራል።

ሰውየውን ወይም ሴትዮዋን ስታገኙ ምርታችሁን ለማሳየት አትጣደፉ። የሰማችሁትን ችግር በራሳቸው ቋንቋ ንገሯቸው፣ ያረሟችሁ። ሲያርሟችሁ እየተባበሯችሁ ነው።

3. ወረቀታችሁን ቀድማችሁ ጨርሱ

ይህ አጭር ነው፣ ግን ብዙ ጥሩ ሥራ የቀረው እዚህ ላይ ነው። የግዥ ክፍል ከግለሰብ ጋር ውል መዋዋል አይወድም። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ በድርጅቱ ስም የባንክ ሒሳብና ሕጋዊ ደረሰኝ ያስፈልጋችኋል። የተጨማሪ እሴት ታክስ መመዝገብ ያለባችሁ መሆን አለመሆኑን ከገቢዎች ቢሮ አጣሩ። ብቻችሁን ከሆናችሁም አይጨንቃችሁ። በንግድ ሕጉ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ጥቅሙ ውሉ ቢበላሽ ዕዳው በመርህ ደረጃ የማኅበሩ እንጂ የናንተ የግል ዕዳ አለመሆኑ ነው።

4. አንድ ገጽ ደብዳቤ

ሃያ ገጽ ፕሮፖዛል ማንም አያነብም። አንድ ገጽ ጻፉ። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

"ጉዳዩ፦ በገብስ ርክክብ ላይ የሚመለሱ መኪናዎችን ለመቀነስ የ8 ሳምንት የሙከራ ሥራ ስለማቅረብ። ድርጅታችን ከፋብሪካው የጥራት ክፍል ጋር ባደረገው ውይይት፣ በእርጥበት ምክንያት የሚመለሱ ጭነቶች መኖራቸውን ተረድተናል። ገብሱ ከመጫኑ በፊት በሁለት የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን ላይ ለክተን ውጤቱን ለፋብሪካው በዕለቱ እናሳውቃለን። ከፋብሪካው የምንጠይቀው አንድ ተጠሪ ባለሙያ፣ ያለፈውን ወቅት የተመላሽ መዝገብ እና ከዚህ ጋር በተያያዘው ዋጋ ሥራውን ማዘዝ ነው።"

ደብዳቤው ለዋና ሥራ አስኪያጁ ይሁን፣ ግልባጭ ለችግሩ ባለቤት። መዝገብ ቤት አስገቡና ቅጂያችሁ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። ከዚያ በኋላ ስትከታተሉ "ደብዳቤ አስገብተን ነበር" አትበሉ፣ ቁጥሩን ጥቀሱ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋንና የሥራ አስኪያጁን ጸሐፊ በአክብሮት ያዙ። ደብዳቤያችሁ የት ጠረጴዛ ላይ እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ወቅቱንም ምረጡ። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፣ ብዙ ድርጅቶችም በዚሁ ይሄዳሉ። ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ውስጥ መግባት ከፈለጋችሁ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ አንኳኩ። ሰኔ ላይ ሁሉም ሒሳብ ይዘጋል፣ ማንም ጆሮ የለውም። ሥራው ደግሞ በምርቱ ወቅት መዋል አለበት። የገብሱ ሙከራ ኅዳር የሚጀምር ከሆነ ውሉ ጥቅምት ሳይገባ መፈረም አለበት።

5. ሙከራውን ትንሽ፣ የተከፈለበትና የሚለካ አድርጉት

መመሪያው ውስጥ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

የመግባቢያ ሰነድ አትለምኑ። የመግባቢያ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ ማንንም አያስገድድም፣ ግን የጀማሪን ወራት ይበላል። ትንሽ የግዥ ትዕዛዝ ይሻላል። ቢ ኤም ደብሊው በ2015 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፕሮግራም በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ኩባንያው በጀማሪው ላይ አክሲዮን ከመግዛት ይልቅ የመጀመሪያ ደንበኛ ሆኖ ምርቱን ይገዛል፣ በራሱ ሥራ ላይ ይሞክረዋል። እዚህም አገር ቤት ጎልተው የታዩት ትብብሮች አንድ ተጨባጭ አገልግሎት ይዘው የተነሱት ናቸው። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ "ክፍያ ፋይናንሻል ቴክኖሎጂ" ከተባለው ኩባንያ ጋር "ሚቹ" የተባለውን ያለ ማስያዣ ብድር አወጣ። ዳሽን ባንክ ከኢግልላየን ሲስተም ቴክኖሎጂ ጋር "ዱቤ አለ" የተባለውን የዱቤ ግዥ አገልግሎት አወጣ። ባንኩ ፈቃድ፣ ገንዘብና ደንበኛ አለው፤ ጀማሪው ሶፍትዌሩንና ፍጥነቱን ያመጣል። ድርሻው ግልጽ ነው።

"ነጻ እንሞክርላችሁ" አትበሉ። በነጻ የመጣ ሥራ ባለቤት የለውም። ኃላፊዋ ተጠሪ አትመድብም፣ መዝገብ አትሰጥም፣ ስብሰባ ላይ አታነሳውም። ትንሽም ብትሆን ክፍያ ካለ ሪፖርት የሚጠየቅ ሰው ይኖራል። ስለ ገንዘቡ መጠን የግዥ ኃላፊውን በግልጽ ጠይቁ፦ "በፕሮፎርማ የሚገዛው እስከ ስንት ነው? ከስንት በላይ ጨረታ ይወጣል?" ሙከራው ከመጀመሪያው በፕሮፎርማ፣ ማለትም ያለ ጨረታ ከጥቂት አቅራቢዎች ዋጋ ተሰብስቦ፣ በሚያልቅ መጠን እንዲታቀድ አድርጉ። ትልቁን ሥራ ሆን ብሎ ቆራርጦ ከጨረታ ማምለጥ ግን በመንግሥት ግዥ ክልክል ነው፣ እዚያ ውስጥ አትግቡ። ሙከራው በእውነትም ትንሽ ይሁን፦ ሁለት ማኅበር፣ ስምንት ሳምንት፣ አንድ ችግር።

ቀጥሎ መለኪያው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባል የለ? ውጤቱ ከመጣ በኋላ "ጥሩ ነው፣ አይደለም" የሚል ክርክር ማለቂያ የለውም። ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ያለፈውን ወቅት መዝገብ ውሰዱ። መዝገብ ከሌለ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምንም ሳትቀይሩ ብቻ ቁጠሩ። ከዚያ በውሉ ላይ ይህን ጻፉ፦

ከነዚህ ሁለት ማኅበራት የሚመጡ መኪናዎች በእርጥበት የሚመለሱት በግማሽ ከቀነሱ ሙከራው ተሳክቷል ማለት ነው። የናንተ መለኪያና የፋብሪካው ላቦራቶሪ ልዩነት ሲያሳዩ የፋብሪካው ይጸናል፣ ግን ልዩነቱ ይመዘገባል። ከተሳካ ፋብሪካው በ30 ቀን ውስጥ የማስፋፊያውን ውል ይወስናል፣ ዋጋውም ይህ ነው።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትረሱ። "ከተሳካስ?" የሚለው ካልተጻፈ የተሳካ ሙከራም መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

አንድ የቴክኒክ ነገር ልጨምር። የእርጥበት መለኪያ በእህል ዓይነት ይስተካከላል። ለስንዴ የተስተካከለ መሣሪያ ገብስ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ያንኑ ናሙና በናንተ መሣሪያና በፋብሪካው ላቦራቶሪ ለኩት፣ ልዩነቱን እወቁ። የጆንያውን አፍ ብቻ ሳይሆን መሐሉንና ታችኛውንም ናሙና ውሰዱ። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ጆንያ ብዙ ነው።

6. ገንዘቡን በወረቀት ላይ አስሉት

የውሉ ዋጋ ያለ ታክስ 600,000 ብር ነው እንበል። የቡድናችሁ ወጪ በወር 120,000 ብር ነው። ሙከራው ሁለት ወር ይፈጃል። ክፍያው ሁሉ መጨረሻ ላይ ከሆነና ከርክክብ በኋላ ሦስት ወር ከዘገየ፣ አምስት ወር ከኪሳችሁ ትበላላችሁ። ይህ 600,000 ብር ነው። የውሉን ዋጋ በሙሉ ለፋብሪካው አበደራችሁት ማለት ነው።

አሁን ክፍያውን ከፋፍሉት። ሲፈረም 40 በመቶ፣ በመጀመሪያው ወር መጨረሻ 30 በመቶ፣ ከርክክብ በኋላ 30 በመቶ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍያዎች 420,000 ብር ናቸው። ሦስት ወር ተኩል ያስኬዳችኋል። የመጨረሻው አምስተኛው ወር ላይ ቢመጣ እንኳ የሚጎድላችሁ 180,000 ብር ብቻ ነው። ያን ያህል በእጃችሁ ከሌለ ውሉን አትፈርሙ፣ ወይም ክፍፍሉን ለውጡ።

ቅድመ ክፍያ ስትጠይቁ "የቅድመ ክፍያ ዋስትና አምጡ" ይሏችኋል። ባንክ ደግሞ ለዋስትናው ገንዘብ ወይም ንብረት አስይዙ ይላል። ጀማሪ ከየት ያመጣል? የማውቀው መውጫ መንገድ የመጀመሪያውን ክፍያ ቶሎ ከሚረከቡት ነገር ጋር ማያያዝ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የመነሻ መረጃ ሪፖርትና የተስተካከለ መሣሪያ አስረክቡ፣ ክፍያው ለዚያ ይሁን። ያኔ ቅድመ ክፍያ መሆኑ ይቀርና ለተረከቡት ሥራ የሚከፈል ይሆናል።

ርክክብ በተደረገ ቁጥር የርክክብ ሰነድ አስፈርሙ። ፋይናንስ ክፍል ያለዚያ አይከፍልም። ሲከፈላችሁ ከክፍያው ላይ ቅድመ ግብር ይቆረጣል፤ የተቆረጠበትን ደረሰኝ ተቀበሉና አስቀምጡ፣ ዓመታዊ ግብር ስትከፍሉ ይታሰብላችኋል።

7. የማን ንብረት ነው?

ሶፍትዌር በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በቅጂ መብት ይጠበቃል። ልብ በሉ፦ በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ላይ ውሉ ሌላ ካላለ የኢኮኖሚ መብቱ የአዛዡ ይሆናል። ማለትም ዝም ካላችሁ ኮዳችሁን ሸጣችሁ ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በግልጽ ጻፉ፦ ሶፍትዌሩ የጀማሪው ነው፣ ፋብሪካው የመጠቀም ፈቃድ አለው፤ በሥራው የተሰበሰበው የርክክብ መረጃ የፋብሪካው ነው፣ ጀማሪው ሥርዓቱን ለማሻሻል ሊጠቀምበት ይችላል።

የገበሬዎች ስምና ስልክ ደግሞ የናንተም የፋብሪካውም አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ገበሬውን ለምን እንደምትመዘግቡት ንገሩት፣ ፈቃዱን ጠይቁ፣ ለሌላ ዓላማ አታውሉት። ገበሬው ካመናችሁ መጋዘኑን ይከፍትላችኋል፣ ካላመናችሁ መለኪያው ምንም አይሠራም። ጉዳዩ አድጎ ፋብሪካው ከገበሬው ጋር የቅድሚያ የምርት ውል ወደ መዋዋል ከሄደም ለእሱ ራሱን የቻለ የግብርና ምርት ውል አዋጅ ስላለ የሕግ ባለሙያ ያንብብላችሁ።

"ለሌላ እንዳትሸጡ" የሚል አንቀጽ ከመጣ ወዲያው እምቢ አትበሉ። በጊዜና በቦታ ገድቡት፦ ለአንድ የምርት ወቅት፣ ለእነዚህ ማኅበራት ብቻ። ከዚያ በላይ ከፈለጉ ዋጋ ይኑረው።

8. መንገድና ኔትወርክ በሌለበት ቀን

ሰሜን ሸዋን የሚያውቅ ሰው ይህን አይዘልም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። መንገድ የሚዘጋበት ቀንም አለ። ስለዚህ መተግበሪያችሁ ያለ ኢንተርኔት መመዝገብ፣ መስመር ሲመጣ መላክ አለበት። ለክፉ ቀን አጭር የጽሑፍ መልእክትና የወረቀት ቅጽ አዘጋጁ። ከየማኅበሩ አንድ ሠራተኛ አሠልጥኑ፣ እናንተ መድረስ ባትችሉ እሱ ይለካል። በውሉ ላይም ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ ሲያጋጥም የሙከራው ቀን እንደሚራዘምና የተሠራው ሥራ እንደሚከፈል አስገቡ። የሰው ደኅንነት ከውሉ በላይ ነው፤ መንገዱ አስጊ ሲሆን ልጆቻችሁን አትላኩ።

በየሳምንቱ ዓርብ ለተጠሪዋ ግማሽ ገጽ ሪፖርት ላኩ፦ ስንት ጭነት ተለካ፣ ስንቱ እንዲደርቅ ተመለሰ፣ ስንቱ ገባ፣ ምን ተቸገርን። መጥፎውንም ጻፉ። ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ሲጠይቋት የምትመልሰው ከዚያ ወረቀት ነው።

ለኩባንያ ኃላፊዎች

ከእናንተ የሚጠበቀው ጥቂት ነው፣ ግን ካላደረጋችሁት ከላይ ያለው ሁሉ ከንቱ ነው። "የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ማስረጃ" የሚለውን መስፈርት ለትንንሽ ሙከራዎች አንሱት፤ የስድስት ወር ድርጅት ከየት ያመጣዋል? ለሙከራ ሥራ የተለየ አጭር ውል፣ ሦስት አራት ገጽ፣ የሕግ ክፍላችሁ አንዴ አዘጋጅቶ ያስቀምጥ። አንድ ተጠሪ መድቡ፣ እሱ ሲዘዋወር በዚያው ሳምንት ሌላ ተኩ። ክፍያ በ30 ቀን ውስጥ ይውጣ። ለእናንተ አንድ ፊርማ ነው፣ ለእነዚያ ልጆች ግን ቢሮውን ከፍቶ የመቆየትና የመዝጋት ጉዳይ ነው። አትፈልጉት ከሆነም በሁለት ሳምንት ውስጥ "አንፈልግም" በሏቸው። ግልጽ እምቢታ ሌላ በር እንዲያንኳኩ ጊዜ ይሰጣቸዋል።

9. ሲያልቅ

ሙከራው ባለቀ በሳምንቱ የማጠቃለያ ስብሰባ ጥሩ። የግዥ፣ የጥራትና የፋይናንስ ክፍሎች አንድ ላይ ይገኙ፣ ለየብቻ አታናግሯቸው። የመነሻውን ቁጥርና የመጨረሻውን ቁጥር አንድ ገጽ ላይ አስቀምጡ። ቃለ ጉባኤ ተይዞ ውሳኔው ይጻፍ።

ፋብሪካው ካልቀጠለም ባዶ እጃችሁን አትውጡ። የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ በማኅተም ጠይቁ። ሌላው ፋብሪካ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ዩኒየን ወይም ባንኩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ያበቃውን ውል የመጨረሻ ክፍያ ቀን በማስታወሻችሁ ላይ አስፍሩ፤ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት የርክክብ ሰነዱን ቅጂ ይዛችሁ ፋይናንስ ክፍል ሂዱ።